እጄን ሳነሳ የሚወዛወዘው ቆዳ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? አራት ኪሎ አካባቢ የምኖር የ39 ዓመት ሴት ነኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ 34 ኪሎ ቀንሻለሁ። ያየኝ ሁሉ «አማረብሽ» ይለኛል። ክንዴን ስላላዩት ነው። ከብብቴ እስከ ክርኔ ያለው ቆዳ ተንጠልጥሏል። ሚኒባስ ውስጥ ለረዳቱ ሂሳብ ሳቀብል ይወዛወዛል። በዚያ ሁሉ ፀሐይ ሹራቤን አላወልቅም። የታናሽ እህቴ ሠርግ ጥር ላይ ነው፤ እኛ እህቶቿ የምንለብሰው ቀሚስ ደግሞ እጅጌ የለውም። ይኸው ኅዳር ገባ። የክንድ ቆዳ የሚያስቀንሰውን ቀዶ ሕክምና አሁን ባሠራ ይደርስልኛል? በጣም ያማል? ሳይደብቁ ይንገሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ለጥር አይደርስልሽም። ቁስሉ ሊገጥም ይችላል፤ ጠባሳው ግን ልክ በዚያን ሰሞን ነው የሚብስበት። እጅሽን አንስተሽ ስታጨበጭቢ ከሙሽራዋ ይልቅ አንቺን ነው የሚያዩት።

እኔ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ 19 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። በ52 ዓመቴ ደግሞ እዚያው አልጋ ላይ ራሴ ወጣሁ። ክንዴ እንዳንቺው ነበር። አሁን አጭር እጅጌ እለብሳለሁ፤ አልተጸጸትኩም። ነገር ግን የተንጠለጠለ ቆዳ ሰጥቼ ጠባሳ ነው የተቀበልኩት። ይህን ልውውጥ ሆድሽ ካልተቀበለው አትግቢበት።

ሰርጀኑ በመጀመሪያ ቁጭ አድርጎ፣ እጅሽን አስነስቶ፣ በእስክሪብቶ ያሰምርብሻል። ትርፉ ቆዳ ተቆርጦ ይወጣል፣ የቀረው ይሰፋል። ስፌቱ በክንድ ውስጠኛ በኩል ወይም ከኋላ ይሄዳል። የእኔ ከብብቴ ተነስቶ ክርኔ ሊደርስ ሁለት ጣት ሲቀረው ያበቃል። የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት የቀይ ሥር ቀለም ነበረው። ለመደብዘዝ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀበት። ዛሬም ልብስ ሳሰጣ ይታያል።

የእኛ ቆዳ ደግሞ ጠባሳ ማሳበጥ ይወዳል። የጆሮሽን ቀዳዳና የክትባትሽን ጠባሳ በጣትሽ ዳሺው። አብጦ፣ ጠጥሮ ከቀረ ኬሎይድ ሊሆን ይችላል። ሰርጀኑ ሳይጠይቅሽ በፊት አንቺ አሳዪው።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ምክንያቱም ትተኛለሽ። አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጣል፤ ሥራው ሁለት ሦስት ሰዓት ይወስዳል። አንዳንዱ በዕለቱ ቤቱ ይገባል፣ አንዳንዱ ያድራል። ስነቃ ቁጥሩ ያነሰ ሸሚዝ አስገድደው ያለበሱኝ ነው የመሰለኝ። ሕመሙ በማስታገሻ ይቻላል፤ መወጠሩ ነው የሚያስጨንቀው። እጅ ያብጣል፣ ይበልዛል። ቀለበትሽን ቤት ትተሽ ሂጂ። ከዚያ እንደ ካልሲ አጥብቆ የሚይዝ እጅጌ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይለበሳል። ከክርኔ በታች የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ቦታ እስካሁን ደንዝዛለች። እዚያ የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ የብዙ ሰው በወራት ውስጥ ይመለሳል፣ የእኔ ሳይመለስ ቀረ።

አሁን የራሴን ጉድ ላውራ። በሦስተኛው ሳምንት ሠራተኛዬ ለበዓል አገሯ ሄደች። ሊጡ ኩፍ ብሏል፤ «ሁለት ሦስት እንጀራ ምን ያደርገኛል?» ብዬ ምጣድ ጣድኩ። አክንባሎውን አነሳ አወርድ ጀመር። ማታ ሳየው ብብቴ ሥር ስፌቱ የአውራ ጣት ያህል ተከፍቷል። ብብት ላብም እንቅስቃሴም የማይለየው ቦታ ስለሆነ ስፌት ቶሎ የሚከፈተው እዚያ ነው። ይህን ለስንት በሽተኛ የተናገርኩ ነርስ! ሰርጀኑ አልተቆጣኝም፤ ዝም ብሎ አየኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አምስት ሳምንት ፋሻ ሳስቀይር ከረምኩ።

ስለዚህ ከገንዘቡ በፊት ሰው አዘጋጂ። ፀጉርሽን ማን ያበጥርልሻል? እንጀራውን ማን ይጋግራል? ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያህል እጅ ከትከሻ በላይ አይነሳም። ጄሪካንና ሕፃን ማንሳት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል። ከፊት በቁልፍ የሚዘጋ ልብስ ግዢ። የቢሮ ሥራ ከሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ መመለስ ይቻላል፤ በጠዋት ታክሲ ግፊያ ግን አይደለም።

የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። ቁስል የሚድነው በፕሮቲን ነው። ብትጾሚ እንኳ ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ፉሉን በርከት አድርጊ፤ ከነፍስ አባትሽም ተማከሪ።

ኪሎሽ አሁንም እየቀነሰ ከሆነ ጠብቂ። አንድ ቦታ ላይ ረግቶ ስድስት ወር ያህል ይቆይ፤ አለዚያ ቆዳው ተመልሶ ይለቃል። ሲጋራም ሆነ ሺሻ የምትቀማምሺ ከሆነ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት አቁሚ። በጡት ካንሰር ምክንያት ከብብት እጢ የወጣለት ሰው ደግሞ ክንዱ ለዘለቄታው ሊያብጥ ስለሚችል ይህን ከመወሰኑ በፊት ካንሰሩን ያከመውን ሐኪም ያማክር።

ሐኪሙ ፕላስቲክ ሰርጀን መሆኑን አረጋግጪ። ይህ ሙያ የቁንጅና ብቻ አይምሰልሽ፤ ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል የሚታወቀው እሳት የጎዳቸውን ሰዎች በማከም ነው። የሠራውን ፎቶ ሲያሳይሽ የአንድ ዓመቱን ጠይቂ፤ በወሩማ ገና እብጠቱ አልወረደም። ማደንዘዣውን ማን እንደሚሰጥ፣ ፋሻ መቀየርና ክትትል ክፍያው ውስጥ እንዳለ በደንብ ጠይቂ። ከዚያ በኋላ ትኩሳት ከመጣ፣ አንዱ ክንድ ከሌላው ይበልጥ ካበጠ፣ መግል ከታየ፣ ባትሽን ካመመሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ «ነገ ያልፋል» ሳትዪ ወዲያው ሂጂ።

ለሠርጉ? ሽሮ ሜዳ ውጪ። ከጥልፉ ጋር የሚሄድ ስስ እጅጌ የሚቀጥል ልብስ ሰፊ አታጪም። እህቶችሽም ሳያመሰግኑሽ አይቀሩም፤ ክንዷን የምትደብቀው አንቺ ብቻ አይደለሽም።

ጥያቄ፦ የ61 ዓመት ሴት ነኝ፣ ፒያሳ። ስኳር አለብኝ። ልጄ ከአሜሪካ ለገና ስትመጣ «ክንድሽን ላሠራልሽ» ትለኛለች። ስብ በቱቦ ተመጦ ብቻ አይበቃም ወይ?

መልስ፦ እናቴ፣ የክንድዎን ቆዳ ቆንጥጠው ይልቀቁት። ቶሎ ከተመለሰና ውስጡ ወፍራም ከሆነ ስቡን መምጠጥ ብቻ ሊበቃ ይችላል። እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ከተንጠለጠለ ግን ስቡን ቢመጡት ቆዳው ይባሱኑ ይረግባል። ስፖርትም ጡንቻ ያሳድጋል እንጂ ቆዳ አይሰበስብም። ስኳሩ ካልተስተካከለ ቁስል አይድንም፣ ቶሎም ያመረቅዛል። የሦስት ወሩን የስኳር ምርመራ አሠርተው መጀመሪያ ለስኳር ሐኪምዎ ያሳዩ። ልጅዎ የአውሮፕላን ትኬቷን ቆርጣ ከሆነም ለእኔና ለእርስዎ ብላ ቡና ታፍላ እንጂ ቀዶ ሕክምናውን ከመመለሻ ቀኗ ጋር አታጣድፈው። ክትትሉ እሷ ከሄደች በኋላም ይቀጥላል።