ሽኮኮ የዝሆን ዘመድ የምትሆነው በምን ሚዛን ነው?

ጥያቄ፦ በደላንታ ገደል ላይ ፀሐይ ስትሞቅ የምናያት ሽኮኮ አይጥ ትመስላለች፤ ልጄ ግን የዝሆን ዘመድ እንደሆነች በትምህርት ቤት ተማረ። ለመሆኑ ምደባ በተፈጥሮ ያለ ነው ወይስ የሰው ሥራ?
(አንባቢ፣ ከወሎ)

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ ልጅዎ የተማረው ትክክል ነው። ሽኮኮና ዝሆን ከአንድ ጥንታዊ የዘር ግንድ መገኘታቸውን የዘረመል ምርመራ አረጋግጧል፤ ሾል ብለው የሚታዩት የሽኮኮ የላይ ጥርሶችም እንደ ዝሆን ጥርስ ሁሉ ከፊት ጥርስ ያደጉ እንጂ ክራንቻ አይደሉም።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ግን ፈላስፎችን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ፕላቶ ነገሮችን የሚከፋፍል ሰው እንደ ጎበዝ ሥጋ ቆራጭ መገጣጠሚያውን ጠብቆ መለየት አለበት ሲል፣ ጆን ሎክ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የዓይነቶችን ወሰን የሚያሠምረው የሰው አእምሮ ነው ብሎ ተከራክሯል። ለወርቅ የፕላቶ ሐሳብ ያለ ችግር ይሠራል፤ 79 ፕሮቶን ያለው አቶም ሁሉ ወርቅ ነው። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ዝርያዎች በጊዜ ብዛት እንደሚለወጡ ካስረዳ ወዲህ ግን፣ ለሕያዋን እንዲህ ያለ ቋሚ መለያ ማግኘት አዳጋች ሆኗል። ለእኔ የሚያሳምነው የዘመናችን ፈላስፋ የጆን ዱፕሬ አቋም ነው፤ እርሱ እንደሚለው ምደባ እንደ ዓላማው ብዙ ሊሆን ይችላል፣ ሆኖም እያንዳንዱ በእውነተኛ ልዩነት ላይ ይቆማል። ገበሬ ሲናርን አረም ብሎ ከስንዴ ማሳው ሲነቅለው የእጽዋት ምሁር ደግሞ ሁለቱንም በአንድ የሣር ቤተሰብ ይመድባቸዋል፤ አንዳቸውም አልተሳሳቱም።