የፓጄሮ ተርቦ በጋሎፐር ዕቃ ይተካል?

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. የ1989 ሞዴል ባለ 2.5 ሊትር ናፍታ ሚትሱቢሺ ፓጄሮ አለኝ። ተርቦው (ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው ዕቃ) ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፤ አዲሱ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። የሌላ መኪና ዕቃ ይገጥምለታል? ኢንተርኩለር (ተርቦው የሚገፋውን አየር ማቀዝቀዣ) ብጨምርስ? (አንባቢያችሁ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ይገጥማል። ሂዩንዳይ ጋሎፐር በሚትሱቢሺ ፈቃድ የተሠራ ያው የእርስዎ ፓጄሮ ነው። መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሲወርዱ የፓጄሮ ብቻ ብለው አይጠይቁ።

ግን መጀመሪያ ጥፋቱ የተርቦው መሆኑን ያረጋግጡ። የዘይት መመለሻው ቱቦ ከተደፈነ ደህናውም ተርቦ ዘይት ይተፋል። የአየር ቱቦውን ፈትተው የተርቦውን ዘንግ በጣት ይያዙት፦ ወደ ጎን በጥቂቱ ቢነቃነቅ ግድ የለም። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ከተንቀሳቀሰ ወይም ምላጩ ቤቱን ከፋቀ ግን አልቆለታል።

ያገለገለ ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ሄደው በላዩ ያለውን ቁጥር ያመሳክሩ። አንዳንዱ በዘይት ብቻ፣ አንዳንዱ በውሃም ስለሚቀዘቅዝ ቱቦው አይገናኝም። ጓርኒሲዮኑና (በመጋጠሚያው መሐል የሚገባው ማሸጊያ) የዘይት መስጫ ቱቦው የግድ አዲስ ይሁኑ፤ በቆሻሻ የጠበበ ቱቦ የገዙትን ተርቦ ወዲያው ያቃጥለዋል። ሲገጠም በመግቢያው ዘይት ያጠጡት። ሞተሩ እንዳይነሳ የናፍታ መዝጊያውን ሽቦ ነቅለው በሞተሪኖ ለ10 ሰከንድ ያህል ያዙሩት፣ ከዚያ ሽቦውን መልሰው፣ አስነስተው ጋዝ ሳይሰጡ ጥቂት ደቂቃ ይተዉት።

ኢንተርኩለሩ ከነቱቦዎቹና አየር ማስገቢያ ካለው ኮፈን ጋር ካልተገኘ ይቅርብዎት። የተርቦውን ግፊት መጨመርም አንመክርም፤ አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ተርቦው እንዲሁም ይለፋል።

እግረ መንገድዎን የሞተሩን ቺንጋዎች (ቀበቶዎች) ያስዩ። ትልቁ ሲቀየር ትንሿ የባላንስ ዘንግ (የሞተሩን ንዝረት የሚቀንሰው ዘንግ) ቺንጋ ትረሳለች፤ ተበጥሳ ትልቁ ውስጥ ከገባች ወጪው እስከ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይደርሳል።