ባል አልፈታም ሲል፦ የግብፅ ፍርድ ቤትና ኹልዕ

ጥያቄ፦ በግብፅ ባል አልፈታም ቢል ሚስት በኹልዕ፣ ማለትም የገንዘብ መብቷን ትታ ራሷ ጠይቃ በምትፈታበት የእስልምና ሕግ መንገድ፣ መለያየት ትችላለች ይባላል። አሠራሩ እንዴት ነው?

መልስ፦ ትችላለች። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ቁጥር 1፣ አንቀጽ 20 የባልን ፈቃድ አይጠይቅም። ሴትየዋ በደል እንደደረሰባት ማስረዳት የለባትም። ኑሮውን እንደጠላችውና አብራ ብትቀጥል የአላህን ድንበር እንዳትጥስ እንደምትፈራ በግልጽ ትናገራለች፤ የተቀበለችውን መህር (ባል በጋብቻ ለሚስት የሚሰጠውን ጥሎሽ) ትመልሳለች፤ የገንዘብ መብቷንም ትተዋለች። ይህ ለደሃ ሴት ከባድ ዋጋ ነው።

ከዚያ ፍርድ ቤቱ ሊያስታርቅ ይሞክራል፤ ለሁለት ሽማግሌዎችም ከሦስት ወር ያልበለጠ ጊዜ ይሰጣል። ነገሩ የሚጓተተው ብዙውን ጊዜ በመህሩ መጠን ነው፤ ባል በጋብቻ ውሉ ከሰፈረው በላይ ሰጥቻለሁ ሊል ይችላል። ስለዚህ የውሉን ቅጂ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል።

ልብ በሉ፦ የልጆች ቀለብና የማሳደግ መብት የኹልዕ ካሳ ሊሆን አይችልም። ፍርዱም ይግባኝ የለውም።