ሆልደን ለምን ይዋሻል ላልሽው

እህቴ፣ «የካቸር ኢን ዘ ራይን ሆልደን ልመነው አልመነው? ደግሞስ ለምንድን ነው የሚዋሸው?» ብለሽ ጠይቀሻል። (ሆልደን በጄ. ዲ. ሳሊንጀር ልቦለድ ውስጥ ታሪኩን በራሱ አንደበት የሚተርክልን ጎረምሳ ነው።) ደብረ ብርሃን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የንባብ ክበብ አለኝ፤ ይኼን መጽሐፍ ሁለት ዙር አንብበነዋል። የመጀመሪያውን እኔው ነኝ ያበላሸሁት።

ልጆቹን «ውሸቱን ልቀሙ» አልኳቸው። ለቀሙ፤ ልጁ ራሱ ውሸታም ነኝ እያለ ምን ይቸግራል! ባቡር ላይ የክፍል ጓደኛውን እናት ያገኛል። ስሜ ብሎ የትምህርት ቤት ማደሪያውን የጽዳት ሠራተኛ ስም ይነግራታል፣ የሚጠላውን ልጇን ያወድስላታል፣ ጭንቅላቴ ላይ ዕጢ ወጥቶብኝ ልታከም ነው ይላታል። ሰሌዳው ሞላ። «እሺ፣ ለምን?» ስል «ባለጌ ስለሆነ» አሉኝ። አለቀ።

በሁለተኛው ዙር አንዲት የመንዝ ልጅ ነበረች፤ አያቷ ሽማግሌ ሆነው ሲያስታርቁ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ትሰማለች። አንዱ ባለጉዳይ «በሬው ገብሴን ጨረሰው» ብሎ ግማሽ ሰዓት ያወራል፤ አጥሩ እንዴት እንደተከፈተ ግን በአንድ ቃል ያልፈዋል። አያቷ «ቆይ፣ እዚያች ላይ ተመለስ» ይሉታል አለችን።

እኛም ተመለስን። ሆልደን ስለ አስመሳዮች ሲያማርር አይደክመውም። ታናሽ ወንድሙ አሊ በ11 ዓመቱ በደም ካንሰር መሞቱን ግን ምዕራፍ 5 ላይ፣ ለሌላ ልጅ ድርሰት ሲጽፍ፣ እግረ መንገዱን ነው የሚነግረን። አሊ በአረንጓዴ ቀለም ግጥም የጻፈበት የቤዝቦል ጓንት አለ። በሞተበት ሌሊት ሆልደን የጋራዡን መስኮቶች በጡጫ ሰባብሯል። እጄ አልፎ አልፎ፣ ሲዘንብ ያመኛል፣ ከዚያ ሌላ ግድ የለኝም ይላል። «ግድ የሌለው ሰው ዝናቡን ምን አስቆጠረው?» አለ አንዱ ተማሪዬ።

ከዚያ ወደ ባቡሩ ብንመለስ ያ ውሸት ሌላ መልክ ያዘ። የሆልደን እናት አሊ ከሞተ ወዲህ ተረብሻለች። ለሌላ እናት ስለ ልጇ ክፉ መናገር ያቃተው ለዚህ ይመስለኛል፤ የኔ ንባብ ነው፣ መከራከር ትችያለሽ። (ሃያሲው ዌይን ቡዝም በ1961 እ.ኤ.አ. «የማይታመን ተራኪ» ሲል ውሸታም ማለቱ ብቻ አልነበረም። የተራኪው አመለካከትና መጽሐፉ የቆመበት እሴት ሲለያዩ ነው ያለው።)

ስለዚህ እርሳስ ያዢ፤ «ግድ የለኝም» ብሎ ባለፈበት ሁሉ አስምሪ። ምዕራፍ 20 ላይ ዝናቡ ተመልሶ ይመጣል። አሊ መቃብር ላይ ይዘንባል፣ ጠያቂዎቹ ሮጠው መኪናቸው ውስጥ ይገባሉ። ቀብሩ ላይ ሆልደን አልነበረም፤ እጁን ተጎድቶ ሆስፒታል ነበር።