የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ውኃ የገባበት ናፍጣ

ጥያቄ፦ በጅማ ዞን ጎማ ወረዳ የሚገኘው የገበሬዎች ማኅበራችን እሸት ቡና የሚፈለፍልበት በናፍጣ የሚሠራ ሞተር አለው። ሞተሩ ለቀማው ካበቃ በኋላ ክረምቱን ሙሉ ቆሞ ይከርምና ጥቅምት ላይ ስናስነሣው ነጭ ጭስ እየተፋና እየተንገጫገጨ ይጠፋል። መካኒኩ ፊልትሮውን ቢከፍተው ውኃ አገኘበት። ከአባላቱ ገሚሱ ማደያው ውኃ ያለበት ናፍጣ ሸጦልናል ሲል፣ ገሚሱ ደግሞ ታንኩ በክረምቱ ቅዝቃዜ ከውስጥ አልቦ ነው ይላል። ጥቂት ቤንዚን ብትጨምሩበት ውኃውን ያቃጥለዋል ያለንም ሰው አለ። ናፍጣውን የምናስቀምጠው ደጅ በቆመ በርሜል ነው። የትኛውን እንመን?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው በደብዳቤዎ መጨረሻ የጠቀሱት በርሜል ነው።

ታንክ ከውስጥ ማላቡ እውነት ነው። ቀን የሞቀው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ የያዘውን እርጥበት በግድግዳው ላይ ጤዛ አድርጎ ይተወዋል፤ ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድም ወደ ታች ይሰምጣል። ይሁን እንጂ መጠኑን አስልቶ ማየት ይገባል። እርጥበት የጠገበ አንድ ሜትር ኩብ አየር በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 17 ግራም ያህል ውኃ ይይዛል፤ በ15 ዲግሪ ግን የሚይዘው 13 ግራም ገደማ ነው። በመሆኑም እስከ ግማሹ በጎደለ ባለ 200 ሊትር በርሜል ውስጥ ያለው አየር በ5 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ በአንድ ሌሊት የሚያወርደው ውኃ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም፤ ይህ ለ200 ሌሊት ሳያቋርጥ ቢደጋገም የሚጠራቀመው አንድ የቡና ሲኒ ቢሞላ ነው።

ደጅ የቆመ በርሜል አናት ግን ዙሪያውን ከፍ ያለ ከንፈር ስላለው ዝናብ ያቁራል፤ 2 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ብቻ ቢያቁር 5 ሊትር ያህል ይሆናል። ፀሐይ ስትወጣ በውስጡ ያለው አየር ይሰፋና በክዳኑ ጥርስ በኩል ጥቂት ጥቂት ይወጣል፤ ማታ ወይም ድንገት ዝናብ ሲመታው ደግሞ ይኮማተርና ወደ ውስጥ ይስባል፣ ያን ጊዜ የሚስበው በክዳኑ ላይ ያቆረውን ውኃ ነው። የክዳኑ ጎማ ካረጀ በእጅ አጥብቆ መዝጋት ብቻውን ይህን አያስቀርም። ዝናብና ፀሐይ በአንድ ቀን በሚፈራረቁበት በጅማ ክረምት በርሜሉ እንዲህ እየተነፈሰ ወራት ይቆያል።

ማደያውን ከመውቀስዎ በፊት በሚቀጥለው ግዢ ናፍጣውን ወደ በርሜሉ ሳይገለብጡ በንጹሕ ሃይላንድ ትንሽ ቀድተው አንድ ሌሊት ያሳድሩት። ውኃ ካለበት ከሥሩ ለይቶ ይታያል፤ ጠርቶ ካደረ ግን ማደያውን መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም።

ቤንዚኑን ፈጽሞ አይሞክሩት። ውኃ ከቤንዚንም ጋር አይዋሐድም፤ ፖምፓውንና ኢንጀክተሩን (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ክፍል) የሚያለሰልሳቸው ራሱ ናፍጣው ስለሆነ ቤንዚን ሲገባ ቅባቱ ይሳሳል፣ የእሳት አደጋውም ይጨምራል። ብርዳም በሆኑ አገሮች ናፍጣ ላይ ላምባ የሚጨመርበት ጊዜ አለ፤ ያም ናፍጣው ውስጥ ያለው ሰም በብርዱ እንዳይረጋ እንጂ ውኃውን ለማጥፋት አይደለም፣ በጅማም ይህን ያህል ብርድ የለም።

እንግዲህ በርሜሉን ከጣሪያ ሥር ያስገቡት። ጣሪያ ካልተገኘ ሁለቱም ክዳኖች ከሚያቁረው ውኃ በላይ እንዲሆኑ ከአንድ ጎኑ ሥር ድንጋይ አድርገው ያዘንብሉት። ሲቀዱም የመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ከበርሜሉ ወለል ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። የሞተሩን ታንክ ለቀማው ሲያበቃ ሞልተው ያቆዩት፤ መስከረም ላይ፣ እሸቱ ሳይደርስ፣ ከታች ያለውን መክፈቻ ከፍተው ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ያፍስሱ፣ ፊልትሮውን ይለውጡና ከናፍጣው መስመር አየሩን ያስወጡ። በተለቀመበት ቀን መፈልፈል ያለበት ቡና ተከምሮ እያለ ሞተር መፍታት ምን ያህል ኪሳራ እንደሚያመጣ ማኅበራችሁ ያውቀዋል። ከታንኩ የሚያሟልጭ ጥቁር ዝቃጭ ከወጣ ግን በውኃውና በናፍጣው ድንበር ላይ የሚራቡ ረቂቅ ሕዋሳት ገብተውበታልና ታንኩ ወርዶ ይታጠብ፤ ያለዚያ አዲሱም ፊልትሮ በቀናት ውስጥ ይደፈናል።

ጥያቄ፦ ከኦሞ ናዳ ነው የምጽፈው። ለጤፍ እያረስን ሳለን በትራክተሩ ላይ ናፍጣ ውስጥ ውኃ መኖሩን የሚያመለክተው መብራት በራ። እስከ ማታ ብንሠራበት ይጎዳል?

መልስ፦ ይጎዳል፤ ወዲያውኑ ያጥፉት። በፖምፓው ውስጥ ያሉት ብረቶች የሚንሸራተቱት ከፀጉር እጅግ በቀጠነ ክፍተት ስለሆነ ውኃ ሲገባባቸው ይፋተጋሉ፣ ይዝጋሉም፤ በጋለው የኢንጀክተር ጫፍ ላይ ደግሞ ውኃው በቅጽበት ወደ እንፋሎትነት ተለውጦ ጫፉን ሊሰብረው ይችላል። ከፊልትሮው ሥር ያለውን የውኃ መያዣ ከፍቶ ማፍሰስ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የፈሰሰውን በጀሪካን ይቀበሉት፣ ማሳው ላይ አይድፉት። መብራቱ ካልጠፋ ወይም ጥቂት ቆይቶ ከተመለሰ ውኃው ታንኩ ውስጥ አለና ታንኩ ከሥሩ ሳይፈስ ሞተሩን አያስነሡት።