«80 ሲገባ መሪው ይንቀጠቀጣል» እና ሌሎች የሞተረኞች ጥያቄዎች

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ የሞተረኛው ጥያቄም ይበረክታል። ሰሞኑን የደረሰኝ አብዛኛው ንፋስን የሚከስ ነው። ንፋሱ ግን ሁሌ ጥፋተኛ አይደለም።

ከሞጆ፦ «150 ሲሲ ሞተር አለኝ። እስከ 70 ቀጥ ብሎ ይሄዳል። 80 ሲገባ መሪው ይንቀጠቀጣል። የንፋስ መከላከያ ባስገጥምለት ይሻለዋል?»

አይሻለውም፣ ሊብስበትም ይችላል። ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝና መጀመሪያ ጎማህን እይ። ከንፋስ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ይመጣል፣ ይሄዳል። አንድ ፍጥነት ላይ ሁሌ የሚነሳ ከሆነ ግን ችግሩ ያለው ሞተሩ ላይ ነው።

ከአየሩ ጀምር። ጎሚስታው በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ «በቂ ነው» ቢልህ አትመነው። ጎማው ሳይሞቅ በጌጅ ይለካ። አብዛኞቹ ትናንሽ ሞተሮች ከፊት 25፣ ከኋላ ከ28 እስከ 32 ፒኤስአይ አካባቢ ይፈልጋሉ። የአንተን ትክክለኛ ቁጥር መመሪያው ላይ ታገኘዋለህ።

ጎማው በቅርቡ ተበስቶ ተጠግኖ ነበር? እንግዲያው ቁጭ በልና ጎኑን አስተውል። ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ ዙሪያውን የምትሄድ ቀጭን መስመር አለች። ከቸርኬው ያላት ርቀት የትም ቦታ እኩል መሆን አለበት። አንዱ ጋ ገባ፣ ሌላው ጋ ወጣ ካለች ጎማው በደንብ አልተቀመጠም። አየሩን አስወጥተህ፣ ጠርዙን በሳሙና ውሃ አርሰህ እንደገና አስነፋው። ይህችን መስመር የሚያይ ሰው ጥቂት ነው፤ ስንቱ ኩሽኔታ በእሷ ሰበብ በከንቱ ተቀይሯል።

እሱ ደህና ከሆነ ወደ መሪው ኩሽኔታ እለፍ። ሞተሩን በመሃል መቆሚያው አቁመው። አንድ ሰው ከኋላ ይጫንልህና የፊት ጎማው ከመሬት ይነሳ። ጎማውን የያዙትን ሁለቱን ዘንጎች ከታች ጨብጠህ ወደፊትና ወደኋላ ግፋ። «ቋ» ካለ ላልቷል፣ ይጥበቅ። ከዚያ መሪውን ቀስ ብለህ ከዳር እስከ ዳር አዙረው። መሃል ሲደርስ ያዝ የሚያደርገው ከሆነ ኩሽኔታው ተበልቷል። እሱን ማጥበቅ አያድነውም፤ ይቀየር።

እየነዳህ ቢጀምርህስ? መሪውን አንቀህ አትያዝ፤ የደረቀ ክንድ መንቀጥቀጡን ያባብሰዋል። ታንኩን በጉልበቶችህ ጨብጥ፣ ክንድህን አላላ፣ ነዳጁን ቀስ እያልክ ቀንስ። ፍሬን ላይ አትረባረብ።

ከዴንቨር፣ ኮሎራዶ፦ «በ25 ቁጥር ሀይዌይ ወደ ፎርት ኮሊንስ እመላለሳለሁ። 75 ማይል ላይ ጭንቅላቴ ይናጣል፣ ዓይኔ ብዥ ይላል፣ ቤት ስገባ ራሴን ያመኛል። ረጅም የንፋስ መከላከያ መስታወት ገዝቼ ገጠምኩ፣ ጭራሽ ባሰብኝ። ቁመቴ አጭር ነው።»

እህቴ፣ 75 ማይል ማለት 120 ኪሎ ሜትር ነው። ፍጥነትሽን ከ60 ወደ 120 ስታሳድጊ የንፋሱ ግፊት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። ያም ሆኖ የሚያሳምምሽ ኃይሉ አይደለም። መስታወት የሌለው ሞተር ላይ የሚመታሽ ንፋስ ብርቱ ቢሆንም ወጥ ስለሆነ አንገትሽ ይለምደዋል። መስታወት ሲኖር አየሩ ጫፉ ላይ ይቆረጥና ይሽከረከራል። ያ ሽክርክሪት ሄልሜትሽ ላይ ካረፈ ጭንቅላትሽን እንደ ቅቤ ቅል ይንጠዋል።

ባዶና ቀጥ ያለ መንገድ ስታገኚ ፍጥነትሽን መካከለኛ አድርገሽ እግር መርገጫው ላይ ትንሽ ብድግ በዪ። ድምፁ ድንገት ከጠራ ጭንቅላትሽ ንጹህ ንፋስ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ ጎንበስ በዪ፤ እዚያም ጸጥ የሚልበት ከፍታ አለ። የትኛው ነው ለተለመደው አቀማመጥሽ የሚቀርበው? ላይኛው ከሆነ መስታወቱ ይጠር። ታችኛው ከሆነ ይርዘም፣ ወይም የጫፉ አቅጣጫ ይስተካከል። እኔ ብሆን አጭሩን እመርጣለሁ። ማታ በዝናብ፣ ከፊትሽ የመኪና መብራት እየመጣ፣ በተጫጫረ መስታወት ውስጥ አሻግሮ ማየት አበሳ ነው። ከጫፉ በላይ ማየት ይሻላል።

ሌላም ነገር አለ። ረጅም መስታወት ከኋላው አየር የሳሳበት ቦታ ይፈጥራል። ያ ቦታ ከጎንና ከሥር አየር ይስባል። ጀርባሽን ወደፊት የሚገፋሽ ነገር ካለ ምንጩ ይኸው ነው። መስታወቱን ከሥሩ ትንሽ ማራቅ፣ ወይም ግርጌው ላይ የአየር መግቢያ ያለውን መግዛት ያስታግሰዋል።

የጆሮ መድፈኛም ይኑርሽ፣ ፋርማሲ ውስጥ በርካሽ ይገኛል። በዚያ ፍጥነት ሄልሜት ውስጥ ያለው የንፋስ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል። ራስ ምታትሽ ግማሹ ከዚያ ቢሆን አይገርመኝም።

ከደብረ ብርሃን፦ «ጠዋት ጠዋት ደረቴን ብርድ ይመታኛል። ጃኬቴን ገልብጬ ዚፑን ወደ ኋላ አድርጌ እለብሳለሁ። ሰዎች ይስቁብኛል።»

ይሳቁ፤ ሐሳቡ ገብቶሃል። ዚፕ ንፋስ ያስገባል። ችግሩ ጀርባህ ላይ ያለው ዚፕ አይዘጋም፣ ክንድህም እንደልብ አይዘረጋም፣ ብትወድቅ ደግሞ ሌላ ሰው ነው የሚያወልቅልህ። ጃኬቱን በትክክል ልበስና ከላዩ የዝናብ ልብስ ደርብ። ወፍራም ሹራብ ብቻውን ንፋስ አያቆምም፣ ስስ ላስቲክ ግን ያቆማል። በሹራቡና በጃኬቱ መሃል ጋዜጣ ማስገባትም የቆየና የሚሠራ ዘዴ ነው። አየሩ 5 ዲግሪ ሆኖ በ80 ስትነዳ ገላህ ላይ የሚሰማው ከዜሮ በታች 3 ገደማ ነው። ወደ ጣርማበር ስትወጣ የባሰ ነው። ከደረትህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ጣትህ ነው፤ የደነዘዘ ጣት ፍሬን ላይ ዘግይቶ ይደርሳል። ጓንት ግዛ።

ከቢሾፍቱ፦ «ባለቤቴን ቤተ ክርስቲያን አደርሳታለሁ። ነጠላ ለብሳ፣ በአንድ ጎን ትቀመጣለች። ሞተሩ ወደ አንድ ወገን የሚስበኝ ለምንድን ነው?»

ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ስለሆነ ነዋ! ግን ከመሳቡ በላይ ነጠላው ነው ያስፈራኝ። ንፋስ የነጠላውን ጫፍ ወደ ኋላ ይወስደዋል፣ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከዚያ ሰንሰለቱ ወይም ጎማው ይጎትተዋል። ሰው ከነልብሱ ተጎትቶ ይወድቃል። ነጠላው ቦርሳ ውስጥ ይሂድና ደጀ ሰላም ሲደርሱ ይለበስ። እርሳቸውም ከቀሚሱ ሥር ሱሪ ደርበው፣ እግራቸውን ግራና ቀኝ አድርገው፣ ወገብዎን ይዘው ይቀመጡ። ሄልሜት ለእርሳቸውም ያስፈልጋል። ሰው ሲጭኑ የኋላ ጎማውን አየር መመሪያው በሚያዘው ልክ ይጨምሩ፣ የኋላውንም ሞላ አንድ ሁለት ደረጃ ያጠንክሩት።

ከአዳማ፦ «ከፊቴ አይሱዙ ሲመጣ መጀመሪያ ይገፋኛል፣ ከዚያ ይስበኛል። አንድ ቀን ሥሩ ልገባ ነው።»

ሕዝቡ «አልቃይዳ» ያላቸው ወደው አይደለም። የጭነት መኪና ከፊቱ ያለውን አየር ወደ ጎን ይገፋል፣ ከኋላው ደግሞ ክፍተት ይተዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ትገፋለህ፣ ወዲያው ወደ ግራ ትሳባለህ። ሰው የሚሳሳተው ለግፊቱ ብሎ መሪውን ወደ ግራ ሲያዞር ነው። መሳቡ ሲመጣ ሁለቱ ይደመራሉ። ሲመጣ እያየኸው ፍጥነትህን ቀንስ፣ ከመሃል መስመሩ ራቅ፣ ግን አስፋልቱ የተሸረፈበት ዳር ድረስ አትውጣ። ትንሽ ጎንበስ በል። ክንድህን አላላና ሞተሩ ቅንጣት ታህል ቢወዛወዝ ተወው።

የጎን ንፋስ ግን ሌላ ነው። አዳማ ላይ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የንፋስ ኃይል ጣቢያዎች የተተከሉት ንፋስ ስላለ ነው። ተቆርጦ ከተሠራ ኮረብታ መሃል ስትወጣ ወይም አውቶቡስ ቀድመህ ስታልፍ ድንገት ይመታሃል። ወደ ቀኝ ከገፋህ የግራውን እጀታ ወደፊት ገፋ አድርገው፤ ሞተሩ ወደ ግራ ያጋድልና መስመሩን ይይዛል። ግር ካለህ ሰፊ ሜዳ ላይ ሞክረው።

ከአዲስ አበባ፦ «ምናለሽ ተራ የፕላስቲክ መስታወት ቆርጠው መሪው ላይ ያስሩልኛል። ፍጥነት ይጨምርልኛል?»

ቀጥ ብሎ የቆመ ሰሌዳ ፍጥነት አይጨምርም፣ ይቀንሳል እንጂ። መሪው ላይ ሲታሰር ደግሞ ንፋሱ መስታወቱን በገፋው ቁጥር መሪህን ነው የሚያዞረው። የግድ ከሆነ ከመሪው ጋር በማይዞር አካል ላይ ይታሰር፣ ትንሽ ይሁን፣ ጠርዙም ይሞረድ። ስታጸዳው ቤንዚን አታስነካው፤ ሊያደበዝዘውና ሊሰነጥቀው ይችላል። ውሃና ላርጎ ይበቃዋል። ሞተርህ ደከመኝ የሚልህ ከሆነ ደግሞ አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,350 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ነው። አየሩ ከባሕር ጠለል አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፣ የካርቡሬተር ሞተርም በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። ቁልቁል ወደ አዋሽ ስትወርድ ይነቃልሃል።

ከሐዋሳ፦ «መቀመጫው ያቃጥለኛል። ስፖንጅ ልጨምርበት?»

ለስላሳ ስፖንጅ ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይመቻል፣ ከዚያ ይተኛና ከሥሩ ያለው ብረት ይሰማሃል። ጠንከር ያለውን አስደርግ። በተረፈ መቂ ላይ ውረድ፣ ሻይ ጠጣ።