የመኪና ኤሲ፦ ከቱቦ እስከ ጋዝ፣ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ መኪና ኤሲ ናቸው። ከደሴ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ባቲ የወረደ ሰው ምክንያቱ ይገባዋል።

ከኮምቦልቻ የጻፈ የሚኒባስ ሹፌር፦ ጋዙን ከሚጨምቀው ኮምፕሬሰር ወደሚያቀዘቅዘው ኮንደንሰር የሚሄደው የጋዝ ቱቦ ተሰንጥቆበታል። የናፍጣ ማስተላለፊያ ጎማ ቱቦ ቆርጬ በብረት ማሰሪያ ባጠብቀውስ? ይላል።

አይሆንም ወንድሜ። የመኪናህ እግር ጎማ የሚሞላው ከ3 እስከ 4 ባር የአየር ግፊት ነው። በዚያ ቱቦ ውስጥ ግን በባቲ ሙቀት 15 ባርና ከዚያም በላይ አለ። የኤሲ ጎማ ቱቦ ጋዝ የማያሳልፍ ሽፋን በውስጡ አለው፣ የናፍጣው የለውም። ለመኪናህ የሚሆነውን ቱቦ ግዛ፤ ካጣህ የኤሲ ጎማ ጫፉን በፕሬስ የሚያስር ቤት አሠራ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ አገጣጠሙ ነው። በቅርቡ የአንድ ወዳጄን መኪና መጋጠሚያ ስፈታ ጋዝ እንዳያፈስ የሚይዘው ቀለበት ጎማ፣ ኦሪንጉ፣ ደርቆ ተጣብቆ አገኘሁት፣ በጥፍሬ ስነካው ተሰባበረ። ዙሪያውን አቧራ የያዘ ዘይት ነበር። ጋዙ በዚያ እየወጣ እሱ 3 ጊዜ አስሞልቷል! ስለዚህ ቱቦ በተፈታ ቁጥር ኦሪንግ ይቀየር፣ በኮምፕሬሰሩ ዘይት ይርጠብ። የአዲሱ ቱቦ አፍ እስኪገጠም ድረስ እንደተደፈነ ይቆይ። ሲጠብቅ አንዱ መፍቻ ይያዝ፣ ሌላው ይዙር፣ አለዚያ አሉሚኒየሙ ይጠመዘዛል። ከተከፈተ የሰነበተ ከሆነ እርጥበት የሚመጠው ድራየሩም ይቀየር። ከዚያ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቫኪውም ይደረግ፣ ማለትም ውስጡ ያለው አየርና እርጥበት በፓምፕ ተስቦ ይውጣ። ፓምፑ ተዘግቶም የግፊት መለኪያው ጌጅ መመለስ አለመመለሱ ይታይ። እርጥበት ከቀረ ቫልቩ ላይ በረዶ ይሠራል፣ ከዘይቱ ጋር ሆኖም ብረቱን ይበላል። ጋዙም በግምት አይሞላም፣ በግራም ነው፤ ልኩ ብዙ ጊዜ ኮፈኑ ሥር ተጽፏል።

ጋዝ ያለበትን ቱቦ ግን ራስህ እንዳትፈታ። አር134ኤ የሚባለው የኤሲ ጋዝ አየር ላይ ሲወጣ የሚፈላው ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ነው፣ ዓይን ያጠፋል። ጋዙን የሚሰበስብ ማሽን ያለው ባለሙያ ጋ ውሰደው። ይህን ለወጉ ያህል አይደለም የምለው፣ እባክህ ስማኝ።

ደሴ ጋራዥ ውስጥ ሥራ የሚለማመድ ልጅ፦ ቫኪውም ሳደርግ ጌጁ 22 ኢንች ሜርኩሪ ላይ ይቆማል፣ መጽሐፉ ግን ወደ 30 ይላል። ፓምፑ ሞቷል ወይ?

አብሽር፣ ፓምፑ ጤነኛ ነው። 30 የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት ራሱ አነስተኛ ነው። እዚያ 22 አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 24 አካባቢ ሙሉ ቫኪውም ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ቁጥር ተደናግረው ደህና ፓምፕ የጣሉ አይቻለሁ፣ ያሳዝናል።

ከወልድያ፦ ኤሲ ስከፍት ከመኪናው ሥር ውኃ ይንጠባጠባል።

ጤናማ ነው።

ከሐይቅ፦ የማብሰያ ጋዝ ቢሞላስ? ርካሽ ነው ብለውኛል።

በፍጹም! ተቀጣጣይ ነው። ቤተሰብህን የምትጭንበት መኪና ነው።

ከደሴ አንዲት እናት፦ በዚህ ብርድ ኤሲ ምን ይሠራልኛል?

ክረምት ላይ መስታወቱ ጉም ሲለብስ ኤሲውን ከማሞቂያው ጋር ይክፈቱት እመቤቴ፣ ወዲያው ይጠራል። በሳምንት አንዴም 10 ደቂቃ ያህል ያስነሱት፣ ዘይቱ ሲዞር የኮምፕሬሰሩ ጎማ አይደርቅም።